ሳህኑን ወስደው ሄዱ

ዓሣ ሲባል ለእኛ መጥበሻ ነው የሚታየን። አምባዛና ቆሮሶ የተከበሩት ስለሚበሉ ነው፤ ድንጋይ ሥር ተወሽቃ የምትውል፣ ከጣት የማትበልጥ ዓሣ ማን ዞር ብሎ ያያታል? እኔ ግን በአንዲቱ ፍቅር ከተያዝኩ ቆየሁ። ሎች ይሏታል። ዘመድ አዝማዷ እስያንና አውሮፓን ሞልቶ ሳለ፣ ከሰሃራ በታች የምትታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ቡለንጀር የጣናዋን በ1902 መዘገባት። የኦሞ ተፋሰሷ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ተብሎ «ካፋ» የሚል ስም የወጣላት በ2013 ነው (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። እስከዚያ ድረስ ስም አልባ ሆና ትዋኝ ነበር፤ የቸገራትም አይመስለኝም።

ቦንጋ አክስቴን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ በጎጀብ ወንዝ በኩል ወደ ኦሞ ከሚወርዱት ጅረቶች አንዱ ዳር በሆዴ የተኛሁት። ጅረት ከላይ ሲያዩት የሰማይ መስታወት ነው፤ ውስጡ የሚታየው ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን ላዩ ላይ ጫን ሲያደርጉበት ብቻ። ያ ዘዴ ሠራ። አልቅትም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሥራውን ጀመረ።

አንድ እረኛ ልጅ መጣ።

«ጋሼ፣ ሞባይልዎ ወደቀ እንዴ?»

«አይ፣ ዓሣ እያየሁ ነው።»

«መንጠቆዎስ?»

መልሴ አላረካውም መሰል፣ ሮጦ ሄዶ ጓደኞቹንና አንድ ሽማግሌ ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ወርቅ ከሆነ ለእኛም ንገረን» አሉኝ። ልጆቹ ምላሼን ሳይጠብቁ ውሃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሳህኔ የሚያሳየኝ ጭቃ ብቻ ሆነ።

ጭቃው እስኪጠራ አመሸ። ደግነቱ ብዙዎቹ ሎቾች ሲመሽ ነው የሚነቁት። መጀመሪያ ባትሪዬ ያገኘው በአፉ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ሌላ ዓሣ ነበር፤ ልቤን በከንቱ አዘለለው። ቀጥሎ ከጠጠሩ መሃል አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እሷ ናት! ፊቷን ወደ ወራጁ አዙራ፣ ስድስቱን ጢሞቿን አሸዋው ላይ እያንቀሳቀሰች ራቷን ትፈልጋለች። የእሷ ወገን የአየር ከረጢት ግማሹ በአጥንት የታጠረ በመሆኑ መሃል ውሃ መንሳፈፍ አይሆንላትም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እመር ትልና መልሳ ወለሉ ላይ ቁጭ።

«አባባ፣ ይቺውና» ብዬ ሳህኑን አቀበልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ዞር ሲሉ ወርቁን የረሱ መሰለኝ፤ «ስንቷ ተጠብሳ ሰው ታጠግባለች?» አሉ።

«አትጠበስም፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ታያታለህ?»

ማስረዳት ስጀምር እሳቸው እንደገና አጎንብሰዋል። በኋላም ሳህኑን በብብታቸው ይዘው፣ ልጆቹን አስከትለው፣ ወደ ላይኛው ኩሬ እየወጡ «እዚያ ትልልቆቹ አሉ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሳህኑ የአክስቴ ነው፤ ክዳኑ ብቻ እጄ ላይ ቀርቷል።