ቀይ እሸት

ዘመዶቼ ከዲላ ወደ ወናጎ የሰደዱኝ የእናቴን ወንድም እንድመክር ነበር። እንሰቱንና ቡናውን ነቅለው ጫት እንዲተክሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሰው ሆነ፤ እሱ ብቻ አሳፈረን» አለች አክስቴ።

ሚኒባሱ ወናጎ ቶሎ አደረሰኝ። ከአስፋልቱ እንደተገነጠልን ግን ዝናቡ ወረደ፤ ባጃጁ ዳገቱ ወገብ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ከሾፌሩ ጋር ስንገፋ ለአጎቴ የያዝኩት ስኳር ርሶ ሟሟ። በእግሬ ወጥቼ ስደርስ ደግሞ ወደ ሶንጎ፣ ወደ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሄደዋል ተባልኩ። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው የሁለት ወንድማማቾችን የድንበር ጠብ ሲያዩ ነው የዋሉት። እስኪጨርሱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ተንቀጠቀጥኩ።

ማታ ምድጃው ዳር መልእክቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ሰው ይታዘብዎታል እያሉ ነው።»

«ይታዘበኝ እንጂ። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው ጎረቤቴ ሰርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል። ክረምቱ ሲከብድ ግን ልጁን ልኮ ቆጮ ያስጠይቀኛል። እሰጠዋለሁ። ሁላችንም ከነቀልን ከማን እንጠይቃለን?»

ጫት የሚተክለውን ገበሬ አልኮንንም። ቡና የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ የልጆች ደብተርም ይገዛል። የሚያንገበግበኝ ሰው ሳይቸግረው፣ «ሰው ሆነ» ለመባል ብቻ፣ አባቱ የተከለውን ዋንዛና ብርብራ ሲቆርጥ ነው። አጎቴ ቡናቸውን የሚለቅሙት ቀዩን እሸት ብቻ እየመረጡ፣ ወደ አንዱ እግር ቡና ሦስት አራቴ እየተመላለሱ ነው። ቡና ሰብሳቢው አረንጓዴ ደባልቆ ካመጣው ሰው እኩል ይከፍላቸዋል። ለምን ይደክማሉ ሲሏቸው፣ «የእኔ ቡና ነዋ» ይላሉ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ የእኛን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ኋላቀር ሲሏቸው የከረሙት ሰዎች አጎቴን መንገድ ላይ አስቁመው እጃቸውን ጨበጧቸው። ደስ ብሏቸዋል፤ ደስም ይበላቸው። ግን ያ እንሰት፣ ያ ቡና፣ ያ የጥላ ዛፍ የሪያድን ስብሰባ ሲጠብቅ አልኖረም። ዓለም አየልን ብለን ብቻ የምናከብረው ከሆነ፣ ዓለም ፊቱን ባዞረ ማግስት እንነቅለዋለን።

ዲላ ተመልሼ፣ «አይነቅሉም፤ እኔም ይንቀሉ አልላቸውም» አልኩ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ቡና ጠጣ ብላ አልጠራችኝም።