የጋሼ ቱንቢ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ ዳገት በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ጎረቤት አሉን። ጋሼ እንላቸዋለን። «የዛሬ ዘመን ቱንቢ ቅል ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል» ብለው እርሳስ አቅልጠው የራሳቸውን ሊሠሩ ተነሡ። ማስረጃቸው የዘር ነው፦ «ቅድመ አያቴ የነፍጡን ጥይት እዚሁ ተራራ ላይ አቅልጦ ያፈስ ነበር፤ እኔ ቱንቢ ያቅተኛል?»

ድሮ ብዙ ባለነፍጥ እርሳሱን ራሱ ማፍሰሱ እውነት ነው። ዛሬ ጥይቱን የሚያስብ ሰው ካለ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቀዋል፤ ስለ ቱንቢ ግን አዋጁ ምንም አላለም።

«ደግሞ ከፍታ ላይ ነን» አሉ ጋሼ፤ «ውኃ ቶሎ ይፈላ የለ? እርሳሱም ቶሎ ይቀልጣል።» ውኃ በእኛ ሰፈር በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ልክ ነው፤ ሽንብራችን አልበስል እያለ የሚያስቸግረንም ለዚሁ ነው። እርሳስ ግን ከፍታ አያውቅም። ምጽዋም ይሁን እንጦጦ ማርያም ደጃፍ፣ 327 ዲግሪ ካልደረሰ ንቅንቅ አይልም። እርጥብ የባሕር ዛፍ ማገዶ ታክሎበት እኛ በጭስ ስናለቅስ እርሳሱ ተኝቶ ያየን ነበር።

እርሳሱን ከጎሚስታ ነው የለቀሙት፤ ጎማ ባላንስ የሚደረግበት ቁራጭ ነው። ችግሩ፣ ከመካከሉ ዚንክ የሆነም አለበት። ዚንክ በ419 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ እርሳሱ ቀድሞ ሲቀልጥ እሱ ከላይ ይንሳፈፋል። ያኔ ጨልፎ መጣል ነበር። ጋሼ ግን እልህ ያዛቸውና እሳት ጨመሩበት። ዚንኩም ቀለጠ፤ ተቀላቀለና ድስት ውስጥ ያለው ነገር ገንፎ ሆነ። ገንፎ ደግሞ ቅርጽ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ተበላሽቷል እኮ!»

«ዝም በል አንተ! አጤ ቴዎድሮስ 7 ቶኑን የሴባስቶፖል መድፍ ሲያስፈስሱ ማን ተበላሽቷል አላቸው?»

ብለዋቸዋል እንጂ! ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየር መድፍ አፍስሰው የማያውቁ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ነው የተሳካላቸው። ደግሞም ምድጃ ሠርተው እንጂ በሽሮ ድስት አልነበረም። ያ ሁሉ ተደክሞበት፣ መድፉ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎትቶ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ንጉሡን አላዳናቸውም። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ የምናየው አምሳያው ነው።

ድስቱ የባለቤታቸው የእትዬ ነበር። እትዬ ከገበያ ደረሱ፤ ድስቱን አዩ፤ ጋሼን አዩ። «ይሄ ድስት ከዛሬ ጀምሮ ጓዳዬ አይገባም፤ አንተም እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ አትገባም» አሉና ልጆቹን ሰብስበው ወደ ጎረቤት ወሰዱ። ሳይንሱ ከእትዬ ጋር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ጋሼ ግን ገንፎውንም ቢሆን ሊያፈስሱ ቆረጡ። ቅርጹ የተሠራው ከቀበና ወንዝ ዳር በመጣ ጭቃ ነው። ላዩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይነፋል፤ መውጫ ካጣ ደግሞ የሚወጣው እርሳሱን ይዞ ነው። ጋሼ የበያጅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደ ዘውድ ደፍተው አፈሰሱ።

ጧ!

ከአጥሩ ቆርቆሮ ላይ እንደ ብር የሚያበራ ነጠብጣብ ተለጠፈ። የጎረቤት ውሻ ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ዳገቱ ሮጠ። ጋሼ አንድ ጫማቸው ጫፉ ከመቃጠሉ በቀር እግዜር ይመስገን ደህና ናቸው። መነጽሩ ያን ጊዜም ግንባራቸው ላይ ነበር።

ጋሼ አሁን የሚሠሩበት ቱንቢ ከመገናኛ የተገዛ ነው፤ አይወዛወዝም። እናንተም ቱንቢ ካማራችሁ ሱቁ ክፍት ነው፤ ዋጋ ተከራከሩ። የግድ አቀልጣለሁ የሚል ካለ ግን ደጅ ያቅልጥ፣ ቅርጹን ውስጡ ድረስ ያድርቅ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያድርግ፤ የሚስቱንም ድስት አይንካ።