በአንድ ናሙና የሚምል ትውልድ

የዘንድሮ ልጆች ክላስ አይጽፉም፤ ያስፈለፍላሉ። የኤክስኤምኤል ፋይል ሲላክላቸው ማን ከፍቶ ያነበዋል? ሙሉውን ኮፒ አድርገው ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ «ፔስት ኤክስኤምኤል አዝ ክላስስ» የምትለዋን ይጫናሉ፤ ኮዱ እንደ ጉድ ይዘረገፋል። «ጋሼ፣ አለቀ!» ይሉኛል። ምኑ ነው ያለቀው? ገና መቼ ተነበበና!

ሰሞኑን አንዱ ጎረምሳ እንዲህ አድርጎ ያስፈለፈለውን አሳየኝ። በናሙናው ፋይል ያለው አንድ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው 34፣ የትርፍ ሰዓቱ 90 ደቂቃ፣ ስልኩ በ0911 የሚጀምር፣ ልጁ አንድ። መሣሪያው 34ን አየና «ባይት» ብሎ ፈረደ። ባይት ከ255 በላይ አይይዝም። ለዕድሜስ ይሁን፣ ማቱሳላ ካልተቀጠረ በቀር ይበቃል። 90 ደቂቃውም ግን ባይት ሆኗል፤ 300 ደቂቃ ያመሸ ምስኪን የመጣ ዕለት ፕሮግራሙ ክልትው ይላል። ስልኩንም ቁጥር ነው ብሎ የፊቷን ዜሮ ዋጣት። ስልክ ይደመራል እንዴ? ይካፈላል?

ከሁሉ የባሰው የልጁ ነገር ነው። «ልጅ» የሚለው ታግ አንዴ ብቻ ስለታየ ዝርዝር አልሆነም። ቆጠራ የወጣ ሰው ደጅ ላይ የሚጫወት አንድ ሕፃን አይቶ «የዚህ ቤት ልጅ አንድ ነው» ብሎ መዝግቦ እንደ መሄድ ነው። ሌሎቹ ትምህርት ቤት ናቸው እኮ! ሁለተኛ ልጅ ያለው ፋይል ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቢጮህ እንኳ በተሻለ!

በእኛ ጊዜ ስኪማ የሚባል ነገር ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ደንቡ የወጣው ለዚሁ ነው፤ ይኼ ቁጥር ነው፣ ያኛው ጽሑፍ ነው፣ ልጅ ከዜሮ እስከ ፈለገው ድረስ ነው ተብሎ አስቀድሞ እንዲነገር። ከስኪማ ክላስ ማውጣትን አልነቅፍም፤ እሱም ቢሆን ግን ጣጣ አያጣውም። ኤክስኤስዲ የሚባለው መሣሪያ፣ ቢቀርም ግድ የሌለው ቁጥር ሲያገኝ አጠገቡ «ስፔሲፋይድ» የምትል ጠባቂ ያቆማል። ደመወዙን ሞልተህ እሷን «ትሩ» ካላልካት ደመወዙ ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም። ሰውየው በወር መጨረሻ ማንን ይጠይቅ?

ባየው ብቻ መፍረድ የመሣሪያ አመል ብቻ ቢሆን ባልተቆጣሁ፤ የሊቃውንቱም ነው። በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 ለታግ ስም የፈቀደው ያኔ በዩኒኮድ 2.0 ውስጥ ያገኛቸውን ፊደላት ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 ነው። ስለዚህ በታግ መካከል በአማርኛ እንደ ልብህ ጻፍ፣ ታጉን ራሱን ግን «ደመወዝ» ብለህ መሰየም ክልክል! በ2008 አምስተኛው እትም እስኪፈቅድልን ድረስ፣ በገዛ ሰነዳችን እንግዳ ሆነን ከረምን። በአሮጌው ደንብ የሚሄዱ ፕሮግራሞች ዛሬም «ደመወዝ» ሲያዩ ይደነግጣሉ።

ስኪማ ለምኑ፤ ከከለከሏችሁም ናሙናውን በክፋት አዘጋጁ። ሁለት ሦስት ልጅ ጨምሩበት፣ ባዶ ቦታ ተዉበት፣ ቁጥሩን አግዝፉት። ከዚያ የወጣውን ኮድ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ስልኩን በእጃችሁ ጽሑፍ አድርጉት። ያንን ጎረምሳም የቤት ሥራ ሰጥቼዋለሁ፤ ማቱሳላን ቅጠርና አምጣው። ዕድሜው 969፣ ወንድም ሴትም ልጆች ያሉት፣ ስልኩ በዜሮ የሚጀምር። እሱን ደመወዝ ከፍሎ የሸኘ ክላስ ሲመጣ «አለቀ» እላለሁ፤ እስከዚያ ፊርማዬን አትጠይቁኝ።