ሳይደክሙ ልጅ ማስተማር፦ ለጭሮ አባቶች

ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ያደክማል። ያልደከመው አባት ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ሚስት አለችው። ይህ ምክር የተጻፈው ለኋለኛው ነው፤ ጉልበቱ እስከ ሰኔ እንዲቆይለት።

ሙያው አዲስ እንዳይመስልዎት። ኮሮና መጣና መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ይዘጋ ተባለ። 15ቱ ቀን እስከ ጥቅምት 2013 ዘለቀ። ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ አባወራው ሁሉ ሳይሾም ርዕሰ መምህር ሆነ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲዛወር፣ ውጤቱን በራሱ ችሎታ የመጣ አድርጎ የቆጠረ አባት እስከ ዛሬ በርጫ ላይ ልምዱን ያካፍላል። ከዚያ ወዲህም ሥራው አልቀረም፤ በፈረቃ የሚማር ልጅ የቀኑ እኩሌታ በእርስዎ እጅ ነው።

እንግዲህ ፕሮግራም ያውጡ። ሰዓቱን ግን ይምረጡ። ጠዋት የሚወጣ ፕሮግራም ጠባብ ነው፤ ትንሽ ንባብ፣ ትንሽ ማካፈል፣ አለቀ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲጦዝ የሚወጣው ግን አገር ይለውጣል። ልጁ እስከ አረፋ አልጀብራ ይጨርሳል፣ እስከ መውሊድ እንግሊዝኛው ይለቅለታል፤ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃፉ ላይ ቢሆንም ለእሱ ያንሰዋል፣ ውጭ ይላካል። የአውሮፕላኑን ብር ከየት እንደሚያመጡት አጠገብዎ የተቀመጠው ሰውዬ ያውቃል። ብቻ ወረቀት ላይ እንዳያሰፍሩት። ማታ ዱካክ ሲመጣ የተጻፈ ነገር ያስጠይቃል።

የቤት ሥራ ይዞ ቢመጣ መጽሐፉን ይቀበሉት። ገለጥ ገለጥ ያድርጉት፣ ግንባርዎን ይቋጥሩ፤ ከዚያ እርስዎ በፊደል እንደተማሩ፣ ይህ ግን በቁቤ እንደሆነ በሐዘን ይንገሩት። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ መሰጠቱ ለስንቱ አባት እፎይታ ሆኗል! ጠዋት ጫት ተራ ላይ በዚሁ ቋንቋ አሥር ብር ለማስቀነስ ሲከራከሩ ማርፈድዎን ልጁ ያነሳብዎት ይሆናል። ይታገሱት። 9ኛ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ ይሆንና ማምለጫዎ ይሰፋል።

ከጥንት አስተማሪዎችም ይማሩ። የኔታ ሀሁ ለሚቆጥር ሕፃን ሁሉ ራሳቸው አይደክሙም፤ ዳዊት የደረሰው ልጅ ያስቆጥረዋል። ቁርኣን ቤትም ትልቁ ደረሳ የትንሹን ሉሕ ያይለታል። ስለዚህ ትንሹን ለትልቋ ልጅዎ ያስረክቡ። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ብትሆንም፣ እንጀራውም በእሷ ላይ ቢሆንም ግድ የለም፤ ምጣዱ እስኪግል አንድ ገጽ ይነበባል።

የምታስቸግረው እናትየዋ ናት። ጫት ተራ ተቀምጣ ትሸጣለች፣ ልጁም ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ይሄዳል። እርጥቡን ጆንያ ገለጥ አድርጋ እስሩን እያገላበጠች፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ «ሦስቱን በ180 ከሰጠሁት አንዱ ስንት ገባ?» ትለዋለች። ዝም ቢል አትቆጣም። ትጠብቀዋለች፤ ደንበኛውም ብሩን ይዞ አብሯት ይጠብቃል።

«60።»

«በ55 ተረክቤው ከሆነስ?»

«አምስት... የሦስቱ አሥራ አምስት።»

«ታዲያ ልቀንስለት?»

«አይ፣ እማ!»

ደንበኛው ይስቃል፣ ይከፍላል። ወደ ማታ ቅጠሉ ሲጠወልግና ዋጋው ሲወርድ ደግሞ መቀነስ ይማራል፤ አንዳንድ ቀን ከዜሮ በታች ይደርሳሉ። በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ ቢያዩ አይደንግጡ። ሰሌዳ የለው፣ ፕሮግራም የለው፣ ይህ ትምህርት አይባልም።

ማታ ገብታ እግሯን ዘርግታ «ደከመኝ» ካለችም ምክርዎን አይንፈጓት፤ ፕሮግራም ታውጣ። ከመምከርዎ በፊት ግን ገራባውን ጠርገው ያውጡ።