ከቆጥ በታች፦ ስለ ግዙፍ ዶሮ አጭር ጥናት

የዶሮ ሊቃውንት ዝርያን በላባ፣ በኩክኒና በዕንቁላል ብዛት ይለያሉ። ይህ ጥናት ሌላ መመዘኛ ይጨምራል፤ የዶሮነቱን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?

የሐበሻ ዶሮ ጥሬዋን ጭራ ታገኛለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ሰብስባ ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች፣ ሲመሽ ማንም ሳይነግራት ቆጥ ላይ ትወጣለች። ባለቤቷ ትዝ የምትለው በበዓል ዋዜማ ነው። ከፈረንሳይ መጥቶ በ45 ቀን ጫጩትነቱ የሚታደለው ሳሶ የተባለው ዝርያ ግን፣ አውራው ሦስት ኪሎ ሲያልፍ ከዚህ ሁሉ ጡረታ ይወጣል። ሥራው አይጠፋም፤ ወደ ባለቤቱ ይዛወራል።

ማስረጃው አመሻሽ ላይ ይገኛል። አውራው ቆጡ ሥር ቆሞ ሽቅብ ያያል። አንገቱን ያሰግጋል፣ ክንፉን ሁለቴ ያራግባል፣ ከዚያም ዘወር ብሎ አባወራውን ያያል። አባወራው ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ ያወጣዋል። ጠዋት ደግሞ ማውረድ አለ፤ ራሱ ከዘለለ እግሩን ይጎዳዋል። ባለሙያዎች ቆጡን ዝቅ አድርጉ ይላሉ። ሸለምጥማጥም በዚህ ምክር ይስማማል።

ማቀፍም የፈረንጅ ዶሮ እምብዛም የምትሞክረው ነገር አይደለም፤ ዕንቁላሏ ለሐበሻዋ ይሰጣል። ሐበሻዋ በ21 ቀን ፈልፍላ ሳታዳላ ታሳድጋለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝናብ ሲጥል «ልጆች» ክንፏ ሥር ለመግባት ይጋፋሉ፤ እናት ከመሬት ተነሥታ ጀርባቸው ላይ ትቀራለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም ለውጥ አይታይም።

የግዙፍ ዶሮ ወረት የእኛ ብቻ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ1852 ጆርጅ በርንሃም የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ለንግሥት ቪክቶሪያ 9 ግዙፍ ዶሮዎች በስጦታ ላከ። ገበያው ደራ፣ ዋጋው ናረ። በ1855 ራሱ ሻጩ ነገሩን «የዶሮ ትኩሳት» ብሎ መጽሐፍ አወጣበት። ገዢዎቹ ለመጻፍ ጊዜ ያገኙ አይመስልም፤ ሲመሽ ሥራ አለባቸው።

በበዓል ሰሞን ጉዳዩ ወደ ማድ ቤት ይሻገራል። ብልቱ ያው 12 ነው፤ ዶሮ ስለገዘፈ 13ኛ አይጨመርለትም። መላላጫው ግን የድስቱን ክዳን ያነሣል። የሐበሻ ዶሮ ሥጋ ቁሌት ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲጸና የዚህኛው ቶሎ ይፈርሳል የሚሉ እመቤቶች አሉ፤ በዚህ ነጥብ አጥኚው ከእመቤቶቹ ጎን ይቆማል። ያም ሆኖ ክርክሩ ከድስት የሚደርሰው አራጅ ሲገኝ ነው። ማታ ማታ ታቅፎ ሲያስተኛው የከረመው አባወራ ቢላዋውን አንሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ፣ ቢላዋውን መልሶ አስቀመጠ፣ ገበያ ሄዶ አንድ ቀጭን ገብስማ ገዝቶ መጣ።