ሊስተሩ አልጠፋም

አሊዩ አምባ ላይ የአጎቴ የወፍጮ ሞተር ጠፋ ብዬ አላውቅም። ብል የሚቀየመኝ ጎረቤት ብዙ ነው። ሞተሩ አለ፤ ያለው ግን በየሰው ቤት ነው።

ሊስተር ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ 6 የፈረስ ጉልበት። እንግሊዞች ዱርስሊ በምትባል ከተማቸው የሠሩት፣ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ መቸኮል የማያውቅ ብረት። የዚያው ፋብሪካ ሌሎች ሞተሮች በእንግሊዝ የውሃ ቦዮች ላይ ጀልባ ሲገፉ ኖረዋል። የእኛው ግን ዕጣው ሆኖ ከውሃም ከባሕርም ርቆ፣ የግመል ጭነት ለበቅሎና ለአህያ በሚተላለፍበት በአንኮበር ዳገት ሥር ማሽላ ሲፈጭ አረጀ። የመብራት ወፍጮ ሲመጣ ጡረታ ወጣ።

ጡረታውን እንዳከብርለት ያልፈቀደልኝ መብራቱ ነው። በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ ስልቻውን ታቅፎ በደጄ እያለፈ፣ «ያ ሊስተር ቢኖር ኖሮ!» ይላል። ይህን ከሚሉት መካከል ግማሾቹ የሊስተሩ ዕቃ ቤታቸው ነው።

ላስነሣው ብዬ ባይ፣ ጎተራው ውስጥ የቀረው ገላው፣ አንዱ ቦላኖና በላዩ የተቀመጠች ዶሮ ናት። ማርሚታው ጭስ ማውጣቱን ሳይተው የአንድ ወጥ ቤት ጭስ መውጫ ሆኗል። ቢየላው ማረሻ ይቀጠቅጣል። ፑሌጃው የትምህርት ቤት ደወል ነው፤ እሱን ብወስድ የልጆቹን የዕረፍት ሰዓት ማን ይነግራቸዋል? ሁለተኛው ቦላኖ ደግሞ የአንዲት ባልቴት ወይፈን ታስሮበታል። አራት ጎረምሳ የሚያነሣውን ብረት ጎትቶ የሚሄድ ወይፈን እስካሁን አልተወለደም።

መጽሐፍም የለውም። መጽሐፉ የቀድሞው ሞተሪስት ናቸው፤ እሳቸውም የሚነበቡት ጫት ከቀመሱ በኋላ ነው። ጀመር ሲያደርጉ እያንዳንዱን ዳዶ በቦታው ይቆጥራሉ። ምርቃናው ሲገፋ ግን ፋብሪካው ያልሠራውን ዕቃ ሁሉ ይጨምራሉ፤ ያንን ስፈልግ ስንት ገበያ ዞርኩ! ያም ሆኖ የአነሣሡን ነገር ከእሳቸው የተሻለ የሚያስተምር የለም። «ቫልቮላውን አንሣና ትንፋሹን ልቀቅለት፤ ማኖቤላውን አዙር፣ አዙር፤ ቦላኖው ሲከንፍ ቫልቮላውን መልስ። አውራ ጣትህን ግን ከሌሎቹ ጋር ባንድ ወገን አድርገው። እጀታውን ከጨበጥክበት መልሶ ከመታህ...» አሉና የቀኝ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ከአንጓው ላይ ተጣሞ ወደ አንኮበር ያያል።

አካባቢያችን ከወፍጮ ጋር የቆየ ጠብ ሳይኖረው አይቀርም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መድፍ ለገጸ በረከት ይዞ በዚሁ በአሊዩ አምባ በኩል ባለፈበት ሰሞን፣ ድሜጥሮስ የሚባል አልባኒያዊ በሸዋ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበር ተጽፏል። ካህናቱ የሚያዞረው ሰይጣን ነው አሉና ቆመ። ሰይጣን ቢሆን እኮ ቢያንስ መለዋወጫ አይጠይቅም ነበር!

እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ሊስተሩን ማምረት ሲተዉ ሕንዶች ራጅኮት ላይ ግልባጩን ቀጥለውበታል። ከመርካቶ የመጣው የፒስተን ፋሻ የእነሱ ነው። ገባ፤ ግን እንደ አማች ነው፣ ቤት ውስጥ አለ እንጂ ቤተኛ አልሆነም። ደብረ ብርሃን ያለ የቶርኖ ባለሙያ በጥቂቱ ፋቀውና ተስማሙ። የቀረውን በልዋጭ ሰበሰብኩ፦ ለቢየላው መዶሻ፣ ለማርሚታው የቆርቆሮ ቱቦ፣ ለፑሌጃው የአይሱዙ ቸርኬ። ቸርኬው ከፑሌጃው የበለጠ ስለሚጮህ ልጆቹ መርቀውኛል።

ቦላኖው ላይ ስንደርስ ባልቴቷ፣ «ውሰደው ልጄ፣ የአጎትህ አይደል? ወይፈኑን ምን ላይ ልሰረው ግን?» አሉ። ግንድ አልኩ፤ ነቅሎ ያውቃል። ድንጋይ አልኩ፤ ሳቁብኝ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ተዋዋልን፤ መብራት ሲጠፋ ቦላኖው ለወፍጮው፣ ሲመጣ ለወይፈኑ።

ሊስተሩ ተነሥቷል። ዱ... ዱ... ዱ... ሲል ሰው እህሉን ተሸክሞ ከየጎራው ይመጣል፤ ማኖቤላውን የሚያዞሩትም ሞተሪስቱ ራሳቸው ናቸው፣ ለማንም አይሰጡም። እኔ ግን ሲፈጭ አይቼው አላውቅም። በውሉ መሠረት እህሉ ተፈጭቶ እስኪያልቅ የወይፈኑን ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ።