ወራጅ አለ

በአዲስ አበባ ታክሲ መስኮት ማስከፈት ቀላል አይደለም። ቲቢ በአየር እንደሚተላለፍ ሁሉም ያውቃል፤ ንፋስ እንደሚመታም ያውቃል፤ ከሁለቱ የሚፈራው ግን ንፋሱ ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ በሚወጣ ሚኒባስ፣ ኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለሁ የሥራ ባልደረባዬ ደወለ።

«ዛሬስ አደገች?»

«የት አባቷ! ብረት ስከለክላት ቀጥ አለች። ጂኖቿንም አንድ በአንድ እያጠፋሁባት ነው።»

አጠገቤ ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው ለእንጦጦ ጸበል የሚወጡ እናት ነበሩ። «ማናት ልጄ፣ እንዲህ የምታስርባት?»

«ቲቢ ናት፣ እማማ» አልኩና ጭኔ ላይ ያለውን የላፕቶፕ ቦርሳ መታ መታ አደረግሁ።

መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ ተበላሽቷል የተባለው ሳይቀር። ቀበና ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ከየወንበሩ ተሰማ። ረዳቱ የባዶዎቹን ወንበሮች ሒሳብ ከእኔ ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ስሌት ነው ብዬ ማልኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃምሺዲና ፓልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የባክቴሪያዋን 661 ጂኖችና 939 ኬሚካዊ ለውጦች ወደ ሒሳባዊ ሞዴል ቀየሯቸው። በሴሏ ውስጥ የተመረተው ሁሉ ጥቅም ላይ ይውላል፣ የሚጠራቀም የለም ተብሎ ይታሰብና ኮምፒዩተሩ የዕድገቷን ጣሪያ ይፈልጋል። አንድ ጂን ሲጠፋ ዕድገቷ ዜሮ ከሆነ፣ እዚያ ላይ መድኃኒት ቢሞከር ያዋጣል ማለት ነው። እውነተኛዋ አንዴ ለሁለት ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ የእኔዋ ግን በዓይን ጥቅሻ ትሞትልኛለች።

«ምን ታበላታለህ?» አሉ እማማ።

«ግሊሰሮል። የላቦራቶሪ ምግቧ ነው።»

«ሰው ውስጥ ስትገባስ?»

«የሰውን ስብና ኮሌስትሮል።»

«ታዲያ የማትበላውን ሰጥተህ አላደገችም ትላለህ?»

ረዳቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚህ ሙያ ብዙ የተጻፈበት ክርክር ነው።

«ደግሞ የእኛዋ ናት የፈረንጅ?»

የፈረንጅ ናት። ሞዴሉ የተሠራበት ዝርያ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1905 ከአንድ አሜሪካዊ ታማሚ የተወሰደ ነው። የእኛዋ፣ የዘር ሐረግ 7 የምትባለው፣ ለዓለም የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ በብዛት የምትገኘውም በሰሜን ኢትዮጵያ ነው። ዕድገቷ ከሌሎቹም የዘገየ ነው።

«እኔ ታምሜ ድኛለሁ» አሉ እማማ፤ ከታክሲው ያልወረዱበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። «ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ውጬ። ያንተ ሒሳብ ከስድስቱ ወር ስንቱን ይቀንሳል?»

መልስ ሳማርጥ ፈረንሳይ ደረስን። «ወራጅ አለ» ብለው ጀሪካናቸውን አነሱ። ረዳቱ አሁንም እጁን አላጠፈም።